ውሃ የጠጣው ኦፓሌ

ለሦስት ሳምንት ከሜሪላንድ አገር ቤት ገብቼ ነበር። ስለ ሆቴሉና ስለ ሹፌሩ ብዙ የምለው የለኝም፤ ሆቴሉ ንጹሕ፣ ሹፌሩ ጨዋ ነው። የምጽፈው ኦፓል የሚባለውን የጌጥ ድንጋይ ልገዛ ስለገባሁባቸው ሱቆች ነው።

ልደቴ ኦክቶበር ላይ ነው። አሜሪካኖቹ የዚያ ወር ድንጋይ ኦፓል ነው ስለሚሉ የወሎውን ሳልይዝ አልመለስም ብዬ ነበር የሄድኩት። እ.ኤ.አ. በ2008 ደላንታ፣ ወገል ጤና አካባቢ የተገኘው ማለቴ ነው፤ ገደል ላይ፣ በእሳተ ገሞራ አመድ መሃል ካለች ስስ ንጣፍ በእጅ እየተቆፈረ ይወጣል።

የመጀመሪያው ሱቅ አልተመቸኝም። ሻጩ ድንጋዩን ውሃ ከሞላ ብርጭቆ አውጥቶ፣ ጠረግ እንኳ ሳያደርግ ሚዛን ላይ ጣል አደረገው። የወሎ ኦፓል ውሃ ይጠጣል፣ ሲጠጣም ይከብዳል። በካራት፣ ማለትም በክብደቱ፣ ስትከፍሉ የውሃውንም ሒሳብ ከፈላችሁ ማለት ነው። ስንጥቅ ካለውም የሚወጣው ሲደርቅ ነው። «ደረቁን አሳየኝ» ስለው ፊቱን አጠቆረ። ጥቁር ኦፓል ብሎ ያቀረበልኝን «በጭስ የጠቆረ ነው?» ብለው ደግሞ «ያው ኦፓል ነው» አለኝ። ወጣሁ።

ሁለተኛው ቤት አንድ አዛውንት ወርቅ ሠሪ ናቸው። ደረቁን ድንጋይ አምፖል ሥር ይዘው ቀስ ብለው አዞሩት፤ ከወተት መሳይ ነጩ ውስጥ ቀይ ብልጭ አለ፣ ትንሽ ዘንበል ሲያደርጉት አረንጓዴ ሆነ። በብር ቀለበት አሠርቼ ወሰድኩ። ደረሰኝም ሰጥተውኛል። ሐሙስ ይደርሳል ያሉት ሰኞ መድረሱን ግን አልረሳላቸውም።

አክስቴ ቤት ስኒ ሳጥብ ማውለቁን ረሳሁ። ቡናው ሳይፈላ ድንጋዩ እንደ መስታወት ጠራ፣ ቀለም የሚባል የለውም። «ዓይን በልቶት ነው፣ ጠበል እንርጭበት» አለች አክስቴ። ቀለበቴን ይዤ ሸሸሁ! (አውሮፓም ውስጥ ጠበል ነክቶት ቀለሙ የጠፋ ኦፓል በአንድ ልብ ወለድ ከተተረከ ወዲህ ብዙ ሰው ገደ ቢስ አድርጎት ነበር ይባላል። ድንጋዩ የወሎ ቢሆን አያስደንቀኝም።)

ሽማግሌው ጋ ደወልኩ። «ልጄ፣ ፀሐይ ላይ እንዳታሰጪው፣ እሳትም አታስጠጊው፣ ይሰነጠቃል። ጨርቅ ላይ አድርጊና ተይው። ሽቶና ቅባትም አታስነኪው» አሉኝ። በሦስተኛው ቀን ደፈረሰ፣ በአምስተኛው ቀዩ ተመለሰ።

አክስቴ ተደብቃ ጸልያበት እንደነበር የነገረችኝ ኤርፖርት ስትሸኘኝ ነው።