ላይከርት፣ መሰላል ወይስ ሁለት ሐሳብ? ለመጠይቃችሁ የቱን ትመርጣላችሁ

"በጣም አልስማማም" ማለት ምን ማለት ነው?

ቀላል ጥያቄ ይመስላል። ሀዋሳ፣ አሞራ ገደል ዓሣ የሚሸጡ አንዲት እናት ግን ይህን ምርጫ ሳነብላቸው ቢላዋቸውን አስቀመጡና "አዎ ልጄ፣ እሱን ጻፍልኝ፤ እስማማለሁ፣ ግን በጣም አልስማማም" አሉኝ። እኔ በያዝኩት ወረቀት ላይ ከ1 እስከ 5 ካሉት ምርጫዎች ያ 1 ቁጥር ነው። ጭራሽ መቃወም ማለት ነው። እሳቸው የነገሩኝ ግን 3 ወይም 4 ነው። ደግሞ ልክ ናቸው። "ሻይ በጣም አልወድም" የሚል ሰው ሻይ ይጠላል ማለት አይደለም፤ አማርኛችን እንደዚያ አይሠራም። ከዚያ ቀን በፊት የሞላኋቸውን ወረቀቶች ሳስብ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሀዋሳ ውስጥ መጠይቅ ይዤ መዞር ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። የማስተርስ ተማሪዎች፣ የካፌና የሆቴል ባለቤቶች፣ አንዳንዴም ትንንሽ ማኅበራት "የሰዉን አመለካከት ልንለካ ነው፣ የትኛውን ስኬል (መለኪያ) እንጠቀም?" ይሉኛል። አብዛኞቹ ለዳታ ሰብሳቢና ለተንታኝ የሚከፍሉት ከኪሳቸው ነው። እንግዲህ ገንዘብ ልታወጡ ከሆነ አማራጮቹን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ እዩ። የኔ አቋም አንድ ነው፦ ስኬል የሚመረጠው መልስ የሚሰጠው ሰው ታይቶ ነው። ላይብረሪ ውስጥ ያገኛችሁት ያምናው ቴሲስ ስለተጠቀመበት አይደለም።

ላይከርት

ሁሉም የሚያውቀው ይህን ነው። ዓረፍተ ነገር ይነበባል፣ መላሹ ከ"በጣም እስማማለሁ" እስከ ተቃራኒው ድረስ ካሉት አምስት ሳጥኖች በአንዱ ላይ ምልክት ያደርጋል። ያመጣው ሬንሲስ ሊከርት ነው፣ በፈረንጆቹ 1932። (እኛ ላይከርት እንላለን፤ ሰውየው ስሙን የሚጠራው ሊከርት ብሎ ነበር። ለመግባባት የለመድነውን ልያዝ።) ከሱ በፊት የነበረው የሉዊስ ተርስተን ዘዴ አድካሚ ነበር። ስለ ቤተ ክርስቲያን ያለውን አመለካከት ለመለካት 130 ዓረፍተ ነገሮች ተዘጋጅተው፣ 300 ሰዎች ከደጋፊ እስከ ተቃዋሚ በ11 ክምር እንዲከፋፍሏቸው ተደርጓል። ይህ ሁሉ መጠይቁ ገና ሰው ጋ ሳይደርስ ነው። ሊከርት እነዚያን ዳኞች አስቀረና ነጥቡን በቀጥታ ከመላሹ ወሰደ። ርካሽ ሆነ፣ ዓለምን አዳረሰ።

ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ላይከርት ስኬል የሚባለው ስለ አንድ ጉዳይ የሚጠይቁ የብዙ ዓረፍተ ነገሮች ድምር ነው። "በአገልግሎቱ ረክቻለሁ" የምትል አንዲት ጥያቄ አምስት ሳጥን ስላላት ብቻ ላይከርት ስኬል አትሆንም። ይህን የሚስት ሰው ብዙ ነው፣ የቴሲስ ዲፌንስ ላይም ያስጠይቃል።

ጥቅሙ ግልጽ ነው። አድቫይዘር አይከራከራችሁም፣ ኤስፒኤስኤስ (ዳታ መተንተኛ ፕሮግራም) ላይ ማስገባት ቀላል ነው፣ ዳታ ሰብሳቢውም ለምዶታል። የተማረ ሰው ብቻውን ተቀምጦ የሚሞላው ከሆነ፣ ለምሳሌ መምህራን ወይም የባንክ ሠራተኞች፣ ሌላ አትፈልጉ፣ እሱን ውሰዱ።

ችግሩ የሚመጣው እናንተ አንባቢ፣ እሱ ሰሚ ሲሆን ነው። የመጀመሪያው ይሉኝታ ነው። ቤቱ የመጣን ሰው፣ ያውም ወረቀት ይዞ ፀሐይ የመታውን ልጅ፣ "አልስማማም" ማለት ለብዙ ሰው ነውር ነው። ውኃ ያመጡላችኋል፣ ወንበር ያቀርቡላችኋል፣ ከዚያ ሠላሳውንም ጥያቄ "እስማማለሁ" ይሏችኋል። እናንተ 384 ሰው ጠይቃችሁ 11,520 መልስ ሰብስባችኋል፤ ግማሹ ጨዋነት ነው።

ለዚህ መድኃኒቱ የተገለበጡ፣ ማለትም ሐሳባቸው ከሌሎቹ ተቃራኒ የሆነ ጥያቄዎችን መቀላቀል ነው ይባላል። እውነት ነው፣ ግን አማርኛ ላይ ወጥመድ አለው። "ማታ ባጃጅ መሳፈር አያሰጋም" ብላችሁ ስትጠይቁ አንዱ "አዎ፣ አያሰጋም" ይላል፣ ሌላው "አይ፣ አያሰጋም" ይላል። ሁለቱም ያሉት አንድ ነው። ዳታ ሰብሳቢው ግን "አዎ" ሲሰማ እስማማለሁ፣ "አይ" ሲሰማ አልስማማም ላይ ምልክት አድርጎ ይሄዳል። ስለዚህ ግሡን በ"አይ" እና በ"የለም" አትገልብጡት። ሐሳቡን ገልብጡት። "ማታ ባጃጅ ውስጥ ስገባ ፍርሃት ይሰማኛል" በሉ፣ ሁሉም ይገባዋል።

መሐል ላይ ያለችው "ገለልተኛ" የምትለዋም ቃል አታምረኝም። ሰው ስለ ባጃጅ እየተጠየቀ የፖለቲካ ጥያቄ የመጣ ይመስለዋል። "እዚህም እዚያም ነኝ" ብትሉት ይሻላል። "አላውቅም" ደግሞ ለብቻው ሳጥን ይኑረው፤ የማያውቅና መሐል ላይ የቆመ ሰው አንድ አይደሉም። የመጨረሻዋን ደግሞ "ፈጽሞ አልስማማም" በሏት። እኔ ከአሞራ ገደል በኋላ "በጣም አልስማማም"ን ከመጠይቄ አውጥቻለሁ።

ሁለት ሐሳብ

ይህን ከአፍሮባሮሜትር መጠይቆች ነው የተማርኩት፤ በአፍሪካ አገሮች፣ ኢትዮጵያንም ጨምሮ፣ የሕዝብ አስተያየት የሚሰበስብ ተቋም ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር አንብቦ "ይስማማሉ?" ከማለት ይልቅ ሁለት ያነባል፣ ከዚያ ለእርስዎ ሐሳብ የሚቀርበው የቱ ነው ይላል። ከመረጡ በኋላ ነው "እንዲሁ ነው የሚስማሙት ወይስ በጣም?" የሚለው።

በኛ ከተማ እንሞክረው። "አንደኛ፦ ለሰዉ ደህንነት ሲባል ባጃጅ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ መሥራት የለበትም። ሁለተኛ፦ ሰው ማታም የሚሄድበት ስላለው ባጃጅ መሥራት አለበት።" እዩት እንግዲህ፣ እዚህ ላይ እንግዳን ማስከፋት የለም። ሁለቱም ሐሳብ የእናንተ ነው፣ ሁለቱም የተከበረ ምክንያት አለው። መናኸሪያ አካባቢ ስጠይቅ ቅድም "እስማማለሁ፣ እስማማለሁ" ሲሉኝ የነበሩት ሰዎች እዚህ ሲደርሱ ቆም ብለው ያስባሉ። ይከራከራሉ። አንድ ሹፌር "ቆይ፣ ሁለተኛውን ድገምልኝ" ብሎኝ ተሳፋሪ አሳልፎ መለሰልኝ። እኔ እንዲህ ዓይነቱን መልስ ነው የማምነው።

ዋጋው ጊዜ ነው። አንዱ ጥያቄ የሁለት ጥያቄ ያህል ይወስዳል፣ መጻፉም ይከብዳል፤ አንደኛውን ሐሳብ አሳምራችሁ ሌላኛውን ካኮሰሳችሁት ከንቱ ነው። ስለዚህ ከ30 ጥያቄ ወደ 10 ውረዱ። ፊት ለፊት ለሚደረግ፣ ሰዉን ለሚያከራክር ጉዳይ ግን እኔ ገንዘቤን የማወጣው እዚህ ላይ ነው።

መሰላል

ሀድሊ ካንትሪል በ1965 ያስተዋወቀው ነው፣ የዓለም የደስታ ሪፖርትም አገሮችን የሚያነጻጽረው በዚሁ መሰላል ነው። መሬቱ 0፣ ጫፉ 10። ጫፉ ላይ ሊኖሩት የሚችሉት ከሁሉ የተሻለ ሕይወት አለ፣ ታች ከሁሉ የከፋው። "አሁን የትኛው ደረጃ ላይ ቆመዋል?" ነው ጥያቄው። ከዚያ የዛሬ አምስት ዓመትስ የት ነበሩ፣ ከአምስት ዓመት በኋላስ የት ይደርሳሉ?

ማንበብ ለማይችል ሰው ከዚህ የሚሻል አላገኘሁም። ደብተሬ ላይ ሥዬ ከከተማው ዳር ለሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ሳሳያቸው ጣታቸውን አራተኛው ላይ አሳረፉ፣ ትንሽ አሰቡና ወደ ሦስተኛው አወረዱት። "አምና እዚህ ነበርኩ" አሉኝ አራተኛውን እየነኩ። ምንም ማብራራት አላስፈለገኝም።

ግን ሁሉን አይለካም። የራስን ኑሮና እርካታ እንጂ ስለ አንድ ሕግ ወይም አሠራር ያለን አቋም በመሰላል አትጠይቁ፣ ይደበላለቃል።

"ለወዳጅዎ ይመክሩታል?"

ሐይቁ ዳር ካፌ ያላችሁ ይህን ትወዱታላችሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፣ ከ0 እስከ 10። ፍሬድ ራይክሄልድ በ2003 ያወጣው ነው። 9 እና 10 የሰጠ አስተዋዋቂያችሁ ነው፣ 7 እና 8 መሐል ሰፋሪ፣ ከ6 በታች እሱንም ጨምሮ ስማችሁን የሚያጠፋ። የአስተዋዋቂዎቹ ፐርሰንት ላይ የስም አጥፊዎቹ ሲቀነስ ውጤታችሁ ይወጣል።

እኔ የምፈራው አቆጣጠሩን ነው። ከመቶ 50 አምጥቶ አለፈ ተብሎ ያደገ ሰው ካፌያችሁን ወዶ 7 ይሰጣችኋል፣ ጥሩ ውጤት ሰጠሁ ብሎ ነው። ቀመሩ ግን ከምንም አይቆጥረውም። 6 የሰጠውማ ጠላት ተደርጎ ይመዘገባል። ስለዚህ ከውጭ ካፌዎች ጋር አታወዳድሩ። ያለፈውን ወር ከዚህ ወር፣ የራሳችሁን ከራሳችሁ ጋር ብቻ።

ተቃራኒ ቃላት

ቻርልስ ኦስጉድና ጓደኞቹ በ1957 ያሳተሙት ዘዴ ነው። ግራና ቀኝ ተቃራኒ ቃላት፣ መሐላቸው 7 ክፍት ቦታ። ንጹሕ፣ ቆሻሻ። ፈጣን፣ ቀርፋፋ። ስለ ሆቴል፣ ስለ አንድ ዕቃ ወይም ስለ ሙያ ሰው ልቡ ውስጥ ያለውን ሥዕል ለማውጣት ፈጣን ነው፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ቃላቱን ግን ከእንግሊዝኛው እየተረጎማችሁ አትደርድሩ። "ውድ" ብላችሁ ዋጋው የበዛ ለማለት ነው፣ መላሹ ግን የተወደደ፣ የከበረ ብሎ ሊያነበው ይችላል። "ርካሽ" ዋጋውን ብቻ አይደለም የሚነካው፣ ክብርም ይነካል። "ከባድ" ሰውም፣ ዕቃም፣ ፈተናም ይሆናል። ቃላቱን መጀመሪያ ለአምስት ሰው ስጡና "የዚህ ተቃራኒ ምንድን ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። አምስቱም አንድ ቃል ካላሏችሁ ጣሉት።

የማኅበራዊ ርቀት መለኪያ የሚባለውን፣ በ1925 ኤሞሪ ቦጋርደስ ያቀረበውን፣ ሳላነሳ ማለፍ አልፈልግም። የሌላ ማኅበረሰብ ሰው በጋብቻ ቢዛመድህ፣ ጎረቤትህ ቢሆን፣ አብሮህ ቢሠራ እያለ ይወርዳል። እንደ ሀዋሳ ብዙ ቋንቋ በሚነገርበት ከተማ ውስጥ በእጅጉ ይጠቅማል፣ በእጅጉም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ደረጃዎቹን እንደ ወረደ አትቅዱ። እኛ ጋ በእድር አብሮ መቀበር ከጎረቤትነት በላይ ነው ወይስ በታች? ሳትሞክሩ አትወስኑ። ጠያቂው የትኛው ማኅበረሰብ ልጅ ነው የሚለውም መልሱን ይቀይረዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ መጠይቅ ለሚይዝ ሰው አልመክረውም።

ስንት ሳጥን?

5 ወይስ 7? ወረቀት ላይ አንብቦ ለሚሞላ 7 ጥሩ ነው፣ ከዚያ በላይ ብዙ አይጨምርም። በቃል ለሚጠየቅ 5 ራሱ ብዙ ነው። እኔ ሁለት ጊዜ እከፍለዋለሁ፦ "ይስማማሉ ወይስ አይስማሙም?" ከዚያ "ብዙ ነው ወይስ ትንሽ?" ሰው ሁለት ነገር መሐል ሲመርጥ አይደክምም።

ስለ ድካም ካነሳን፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ አካባቢ ከሥራ የወጡ ልጆች ጋ 40 ጥያቄ ይዤ ሄጄ ነበር። አራት ሆነው አንድ ክፍል ተከራይተዋል። አንደኛዋ መለሰች፣ ሌሎቹ ጫማቸውን እያወለቁ "እኔም እንደሷ" አሉ። አልፈርድባቸውም። ጥያቄው ነው የበዛው፣ እኔም ለየብቻ አልጠየቅኋቸውም።

ወረቀት ወይስ ስልክ

ጎግል ፎርም ቴሌግራም ላይ ብትለቁት የሚሞሉላችሁ ጓደኞቻችሁና የጓደኞቻችሁ ጓደኞች ናቸው። "የሀዋሳ ነዋሪ አመለካከት" ብላችሁ ርዕስ አትስጡት። ኮቦቱልቦክስ የሚባለው በስልክ መጠይቅ መሙያ ኔትወርክ ሳይኖር ይሠራል፣ ግዴታ ነው ያላችሁት ጥያቄ ከተዘለለ አያሳልፍም፣ በነጻ መጀመር ይቻላል። ከፎቶኮፒና ከዳታ ማስገቢያ ክፍያ ያድናችኋል። አማርኛውን፣ ሲዳምኛውን፣ ወላይትኛውን በአንድ ፎርም መያዝ ይችላል። ትርጉሙን ግን አንድ ሰው ወደ አካባቢው ቋንቋ፣ ሌላ ሰው ዋናውን ሳያይ መልሶ ወደ አማርኛ እንዲተረጉመው አድርጉ። ሁለቱ ካልተገናኙ ችግሩን ሰፈር ሳትገቡ አገኛችሁት።

ለተንታኙ ከመክፈላችሁ በፊት

"ሚን 3.00" (አማካይ ማለት ነው) የሚል ሠንጠረዥ ብቻ ካመጣላችሁ አትቀበሉ። 200 ሰው ሁሉም 3 ቢል አማካዩ 3 ነው። 100ው 1 ብሎ 100ው 5 ቢልም 3 ነው። አንደኛው ግድ የሌለው ከተማ ነው፣ ሁለተኛው ለሁለት የተከፈለ ከተማ ነው። ለነጠላ ጥያቄ በየሳጥኑ ስንት ፐርሰንት እንዳለ ይስጣችሁ፣ አማካይ ለድምሩ ይቆይ።

ክሮንባክ አልፋ (ጥያቄዎቹ እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚሄዱ የሚያሳይ ቁጥር) ከ0.70 በላይ ወጣ ብሎ ሲያበስራችሁም አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ የተገለበጡት ጥያቄዎች የትኞቹ ነበሩ፣ ነጥባቸውንስ መልሰህ ገልብጠሃል? ሁሉም ጥያቄ ወደ አንድ አቅጣጫ ከሆነ፣ ሁሉን "እስማማለሁ" ያለ ሰው በበዛ ቁጥር አልፋው እያማረ ይሄዳል። ጥሬ ዳታውንም በፋይል ተቀበሉ። ሠላሳውንም አንድ ዓይነት የመለሱት ስንት እንደሆኑ ራሳችሁ ቁጠሩ፣ ከዚያ ቀሪውን ክፍያ ስጡ።