ስልክም የአባት ስም አለው፦ የኮሪያውን ኤስ21 ዓመት ይዤ ያየሁት

ስልኩን የገዛሁት እዚሁ ደብረ ብርሃን ነው። ጥምቀት በዋለ በሳምንቱ፣ ጥር 2017። ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤስ21። ያገለገለ ነው፤ ግን ጭረት የለበትም። ልጁ 26 ሺህ አለኝ፣ በ24 ተስማማን፣ በቴሌብር ከፈልኩ። ከመክፈሌ በፊት ሦስት ጊዜ "ኦሪጅናል ነው?" ብዬ ጠይቄዋለሁ። ሦስቴም "ኦሪጅናል ነው እህቴ፣ እግዚአብሔርን!" አለኝ።

አልዋሸኝም። ኦሪጅናል ነው።

ማታ ቤት ገብቼ የሲም መሳቢያውን በመርፌ ሳወጣው አንድ ሲም ብቻ ይይዛል። ገለበጥኩት። የእህቴ ባል ኤስ21 አለው፤ የእሱ መሳቢያ አንዱን ሲም በዚህ ፊት፣ ሌላውን በጀርባው ይይዛል። የኔ ጀርባ ልሙጥ ነው። ክው አልኩ።

እኔ ጠባሴ አካባቢ ትንሽ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት አለችኝ። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ኮፒ አደርጋለሁ፣ ፎርም እሞላለሁ። ሁለት ሲም ለኔ ቅንጦት አይደለም። ኢትዮ ቴሌኮሙ ላይ ቴሌብሬ አለ፤ መሐል ሜዳ ያለችው እናቴም የምታውቀው እሱን ቁጥር ነው። ሳፋሪኮሙን ለኢንተርኔት ነው የያዝኩት፤ ደንበኞች በቴሌግራም ፋይል የሚልኩልኝ በእሱ ነው። አንዱን ባወጣ ግማሽ ሥራዬ ቆመ ማለት ነው።

በነጋታው ሱቁ በር ላይ ነበርኩ። ልጁ እንኳን ሊደነግጥ፣ ሻይ ሁሉ ሊጋብዘኝ ነበር። "እህቴ፣ የኮሪያ ነው እኮ። የኮሪያ ባለ አንድ ሲም ነው። አልጠየቅሽኝም።" ልመልሰው ብለው "ሌላ ሰው ስላየው" 3 ሺህ ብር ይቀነሳል አለኝ። ተናድጄ ይዤው ወጣሁ። የሱቁን ስም አልጠራም። ጥፋቱ የማን እንደሆነ እስካሁን ከራሴ ጋር አልተስማማሁም። አውቆ ዝም ማለቱ ግን አልተዋጠልኝም።

ነገሩ ወዲህ ነው። አንድ ስም ያለው ስልክ አንድ ስልክ አይደለም። እኔ ማመልከቻ ስጽፍ መጀመሪያ የምጠይቀው የአባት ስም ነው። "ደረጀ" ብቻ ብለህ ብታስገባ፣ ደረጀ ስንቱ ነው? ወረቀቱ ይመለሳል። "ኤስ21" ማለትም ልክ "ደረጀ" እንደማለት ነው። የአባቱን ስም የሚነግርህ የሞዴል ቁጥሩ መጨረሻ ላይ ያለው ፊደል ነው።

የኔ ኤስኤም-ጂ991ኤን ይላል። ኤን የኮሪያ ነው። የእህቴ ባል ስልክ ኤስኤም-ጂ991ቢ ነው፤ ቢ ለአውሮፓ፣ ለአፍሪካና ለሌላው ብዙ አገር የተሠራው ነው። መጨረሻው ዩ ከሆነ በአሜሪካ የቴሌኮም ኩባንያዎች በኩል የተሸጠ ነው። ዩ1 ከሆነ አሜሪካ ውስጥ ከኩባንያ ጋር ሳይታሰር የተሸጠ። በፊደል ፋንታ ዜሮ ካለ፣ ማለትም 9910 ካለ፣ የቻይና ወይም የሆንግ ኮንግ ነው። ይህን ለማየት ሴቲንግ ገብቶ መጨረሻ ላይ "አባውት ፎን" የሚለውን መንካት ይበቃል። አሥር ሰከንድ አይፈጅም። እኔ ያንን አሥር ሰከንድ የከቨር ቀለም በመምረጥ ጨረስኩት።

ውስጡም ይለያያል። የኔና የቢው አንጎል የሳምሰንግ የራሱ ኤግዚኖስ 2100 ነው። የአሜሪካውና የቻይናው ስናፕድራገን 888 ነው። ጌም የሚጫወቱ ልጆች በዚህ ሲጨቃጨቁ ያድራሉ። ለኔ ዓይነቱ፣ ቴሌግራምና ፒዲኤፍ ለሚከፍት ሰው፣ ልዩነቱ አይታይም። ኤስ21 ይሞቃል ይላሉ፤ እውነት ነው፣ ይሞቃል። ግን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ለሚኖር ሰው በታኅሣሥ ጠዋት ኪስ ውስጥ የሚሞቅ ነገር ማግኘት ቅሬታ አይሆንም።

ስልኩን እንደ ስልክ ካየነው ግን ሸጋ ነው። 6.2 ኢንች ነው፣ በአንድ እጅ ይያዛል። ስክሪኑ ጥርት ያለ ነው። የሰነድ ፎቶ ሳነሳ ማኅተሙ ላይ ያለው ፊደል ሳይቀር ይነበባል። ጀርባው ፕላስቲክ ስለሆነ ሁለቴ ከጠረጴዛ ወድቆ ምንም አልሆነም። ሚሞሪ ካርድ አይቀበልም፤ ይህ የኮሪያው ጥፋት ሳይሆን ኤስ21 የተባለ ሁሉ እንዲሁ ነው። ባትሪው ያገለገለ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ አንዴ መሰካት አለብኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። ኤስ21 በጥር 2013 ሲወጣ ጀምሮ ካርቶኑ ውስጥ ቻርጀር የለም። ገመድ ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ አንድ ነጋዴ "ከነካርቶኑ፣ ከነኦሪጅናል ቻርጀሩ" ብሎ ቢያወጣልህ፣ ያ ቻርጀር ከሌላ ቦታ የመጣ ነው። የኔም ሰውዬ አውጥቶልኝ ነበር። ያኔ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር።

አሁን ወደ ኮሪያዊነቱ። የመጀመሪያው ድምፁ ነው። ኮሪያ ውስጥ ሰውን ተደብቆ ፎቶ ማንሳት ስላስቸገረ፣ በፈረንጆቹ ከ2004 ጀምሮ እዚያ የሚሸጥ ስልክ ካሜራ ሲያነሳ እንዲጮህ ኩባንያዎቹ ተስማምተዋል። ሳይለንት ብታደርገውም ያው ነው። እኔ ይህን የት አውቄ! የእህቴን ልጅ ክርስትና ልናስነሳ ሄደን፣ ቄሱ እያነበቡ፣ ሁሉም ጸጥ ብሎ፣ ቀስ ብዬ ከትከሻ በላይ ስልኬን አነሳሁ። "ካቻክ!" ቄሱ ማንበባቸውን አቁመው ዞር አሉ። አራስ እህቴ ሳቀች፣ ሕፃኑ አለቀሰ። ፎቶው ግን ቆንጆ ወጥቷል፤ ሦስቱም ወደ እኔ እያዩ ነው። እንደ እህቴ ባል ስልክ ድምፁን የማጥፊያ ቁልፍ ሴቲንጉ ውስጥ ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት።

ሁለተኛው ግን ወደ ጥሩው ያደላል። የኮሪያው ስልክ ጥሪ ይቀዳል። ሌላ አፕ ሳያስፈልግ፣ እዚያው መደወያው ላይ። ደንበኛ ከመንዝ ደውሎ አሥራ አራት የወራሽ ስም ከነአያት ሲያስጽፈኝ፣ "ጋሼ፣ እየቀዳሁት ነው፣ አይቸኩሉ" እላለሁ፤ ከዚያ መልሼ እየሰማሁ እጽፋለሁ። በዚህ ብቻ ስንት ስህተት ቀርቶልኛል። ለሰውየው ሳልነግር ግን አልቀዳም።

ሦስተኛው የመጣው በሐምሌ ነው። የቻርጅ ሶኬቱ ላላ፤ ገመዱን ጎንበስ ካላደረግከው አይሞላም። ጥገና ቤት ወሰድኩት። ጠጋኙ ዕድሜው ገፋ ያለ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። "የኤስ21 ነው" ብሎ አዲስ አበባ ደውሎ አዘዘ። በሁለተኛው ቀን የመጣው የታችኛው ቦርድ፣ የቻርጅ ሶኬቱና የሲም ማንበቢያው ያሉበት፣ የቢው ሆነ። መነጽሩን አውልቆ ትንሿን ቦርድ ከኔዋ ጎን አስቀመጣትና "አየሽ፣ ይቺ የአንቺ አይደለችም። ስሟ አንድ ነው፣ ቤቷ ሌላ ነው" አለኝ። እንደገና "ኤን" ብሎ አዘዘ። አምስት ቀን ያለ ስልክ ቆየሁ።

ያን ጊዜ አንድ ተስፋ ያዘኝና "ጋሼ፣ ታዲያ ያንን የቢውን ቦርድ ብታስገባልኝ ሁለተኛው ሲም አይከፈትም?" አልኩት። ሳቀ። "ዋናው ቦርድ አንድ ሲም ነው የሚያውቀው። ሁለተኛ በር ብትሠሪለት ማን ይገባበታል?" ኮከብ መሰላል 06 መሰላል፣ ማለትም *#06# ደውይ አለኝ። ደወልኩ። አንድ አይኤምኢአይ (ለእያንዳንዱ ሲም ቦታ የሚሰጥ የስልኩ መለያ) ቁጥር ብቻ ወጣ። የእህቴ ባል ስልክ ላይ ሁለት ይወጣል። ይህችን ሱቁ ውስጥ ቆሜ ባውቃት ኖሮ!

"ኢሲም ተጠቀሚ" ያሉኝ አሉ። ካርድ የማያስፈልገው፣ ስልኩ ውስጥ ተሠርቶ የሚመጣ ሲም ማለታቸው ነው። አሳቡ ጥሩ ነው። ግን ኮሪያ ውስጥ ኢሲም በሰፊው የተጀመረው በነሐሴ 2014 መጨረሻ ነው። የኔ ስልክ ያኔ ዓመት ተኩል ሞልቶታል። አልደረሰለትም።

የኔ ብቻ መስሎኝ ስናደድ ደግሞ የባሰ መጣ። አንድ የደብረ ሲና አዛውንት ደንበኛዬ ናቸው። ልጃቸው ከአሜሪካ አይፎን 14 ላከችላቸው። ስልኩንና ሲማቸውን በመሐረብ ጠቅልለው "ልጄ፣ እስኪ አስገቢልኝ" ብለው መጡ። ዙሪያውን ፈለግሁ። መሳቢያ የለም። ከሥር ያሉትን ቀዳዳዎች እሳቸው ቤታቸው በመርፌ ሞክረዋቸዋል፤ እነዚያ የማይክና የድምፅ ማጉያ ቀዳዳዎች ናቸው። የአሜሪካው አይፎን 14 ከነጭራሹ የሲም ቦታ የለውም፣ ኢሲም ብቻ ነው። ሴቲንጉ ላይ የሞዴል ቁጥሩን አየሁ፤ መጨረሻው ኤልኤል በኤ (LL/A) ነው። ያ የአሜሪካ ምልክት ነው። በዜድኤ በኤ (ZA/A) የሚያልቀው የሆንግ ኮንጉ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ሁለት እውነተኛ ሲም ይወስዳል።

የሚያስቀው ምኑ መሰላችሁ? አይፎን 14 የወጣው በመስከረም 2015 ነው። ሳፋሪኮም አዲስ አበባ ላይ አገልግሎቱን በይፋ የጀመረው በዚያው መስከረም ነው። እኛ ሁለት ቀዳዳ በፈለግንበት ወር አሜሪካ ያለችውን አንዷን ደፈነቻት።

የአሜሪካ ስልክ ሌላም ነገር አለው። እዚያ ብዙ ሰው ስልክ በወር ክፍያ ነው የሚወስደው፤ ብዙ ጊዜ ከፍሎ እስኪጨርስ ስልኩ በዚያ ኩባንያ ይቆለፋል። እኛ ዘንድ ሲመጣ "ሲም ሎክ" የምንለው እሱ ነው። አይፎን ከሆነ "አባውት" ውስጥ "ካሪየር ሎክ" የሚል መስመር አለ። "ኖ ሲም ሪስትሪክሽንስ" ካለ ነፃ ነው። ሌላው ላይ ግን የራስህን ሲም አስገብተህ እዚያው ሱቁ ውስጥ ከመደወል የተሻለ ነገር የለም። "ቤት ሄደሽ ይሠራል" የሚልህን አትስማ።

ስለ ቻይናው ብዙ አልልም። አብራኝ የምትሠራው ልጅ ሻኦሚ ገዝታ ነበር፣ ለቻይና ገበያ የተሠራውን። ፕሌይ ስቶር አልነበረውም። ነጋዴው "ግሎባል" ብሎ ፍላሽ አደረገላት፣ ማለትም ሶፍትዌሩን ለውጭ አገር በተሠራው ቀየረላት። ከዚያ ወዲህ አፕዴት አይቀበልም፤ የቴሌግራም መልእክትም ስልኩን ስትከፍተው ነው ተግተልትሎ የሚገባው። ሃርድዌሩ እንዲያውም ከኔ ይሻላል። ግን ስልኩ ልቡ ቤጂንግ ነው።

ይህን ሁሉ ብዬ፣ ኤስ21ን አልጠላሁትም። ያን ሰሞን ከተማው ውስጥ ስጠያይቅ የኮሪያው ከባለ ሁለት ሲሙ 4 ሺህ ብር ያህል ይረክስ ነበር። አንድ ሲም ለሚበቃው ሰው ጥሩ ግዢ ነው፤ የቀረጻው ነገር ብቻ ልዩነቱን ያወጣል። የኔ ቅሬታ አውቄ አለመግዛቴ ነው። አሁን ሳፋሪኮሙ ኤስ21 ውስጥ ነው፤ ኢትዮ ቴሌኮሙ ባለ ባትሪዋ የቁልፍ ስልክ ውስጥ ነው። እናቴ ስትደውል የምትጮኸው ትንሿ ናት። ደንበኛ በቴሌብር ሲከፍልም የምትነግረኝ እሷው ናት፤ ሳምሰንጉ አጠገቧ ዝም ብሎ ይተኛል።

ባለፈው ማክሰኞ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጽሑፍ ሊያሳትም መጣ። እስኪታተምለት አንድ ኤስ22 ያገላብጣል። ሊገዛው ነው፤ ባለቤቱ እንዲሞክረው ሰጥቶት ሻይ ቤት ይጠብቀዋል። "ሁለት ሲም ነው አለኝ" አለ። *#06# ደውል አልኩት። ሁለት ቁጥር ወጣ። ልጁ ፈገግ አለ። እኔም ለቅጽበት ያወቅሁ መስሎኝ አፈርኩ። ከዚያ መርፌ ሰጠሁት፣ መሳቢያውን ሳበ። አንድ ሲም ብቻ ነው የሚይዘው። ሞዴሉ በዩ ያልቃል። ሁለተኛው ቁጥር የኢሲም ነው። ባለቤቱም እንደኔው ነጋዴ አልዋሸም፤ ሁለት ሲም ነው።

"ቆይ እህቴ፣ መጣሁ" ብሎ ወጣ። 32 ገጽ አትሜለት ነበር። እስካሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው።