የክት ሳይሆን የአዘቦት፦ አዲስ አበባ ላይ ያሠራኋቸው ልብሶችና ያገኘሁት አገልግሎት

ከዋሽንግተንና ከአካባቢው ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ሐበሻ ሁሉ ማለት ይቻላል ሽሮ ሜዳ ይወጣል። የሚገዛውም የታወቀ ነው፤ ለእናት ቀሚስ፣ ለአባት ጋቢ፣ ሠርግ ካለ ካባው ሳይቀር። ሁሉም የክት ልብስ ነው። ታጥፎ ሻንጣ ውስጥ ይገባል፣ ሜሪላንድ ይደርሳል፣ ከዚያም እስከ ፋሲካ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። እኔ በዚህ ጉዞ የፈለግሁት ሌላ ነበር። ሰኞ ጠዋት ሥራ የምሄድበት ሸሚዝ፣ ቅዳሜ ገበያ የምወጣበት ሰፊ ሱሪ፣ ማታ ሲበርድ ከላይ የምደርበው ጃኬት። ጥጥ የሆነ፣ ገላን የማያፍን፣ በታጠበ ቁጥር የሚለሰልስ፣ ዓመታት የሚያገለግል።

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። አገር ቤት እጅግ ጥሩ የዘወትር ልብስ ማሠራት ይቻላል፤ ነገር ግን አዘጋጅቶ የሚጠብቃችሁ ሱቅ ጥቂት ነው። ጨርቁን ከአንዱ፣ ስፌቱን ከሌላው ማገጣጠም የገዢው ሥራ ነው። ድካሙ ያዋጣል።

ለምን ይህን ያህል ትደክሚያለሽ ለሚለኝ፣ ምክንያቴ ይህ ነው። አሜሪካ በርካሽ የሚሸጠው የዘወትር ልብስ በአብዛኛው ፖሊስተር ወይም ፖሊስተር የተቀላቀለበት ነው። ፖሊስተር ከነዳጅ ዘይት የሚገኝ ፕላስቲክ ነው፤ ላብ አይመጥም፣ ሽታ ይይዛል፣ በታጠበ ቁጥርም ዓይን የማያየው የፕላስቲክ ብናኝ ከውኃው ጋር ይለቃል። ጥጥም ቢሆን ያለ ዕዳ አይመጣም። አንዲት ቲሸርት ከእርሻው ጀምሮ ተሰፍታ እስክትወጣ 2,700 ሊትር ገደማ ውኃ ትፈጃለች የሚል በስፋት የሚጠቀስ ስሌት አለ። ስለዚህ ጥጥ የሚወድ ሰው ጥቂት ገዝቶ ብዙ ዓመት መልበስ አለበት ብዬ አምናለሁ። ደግነቱ የዘመኑ ፋሽን ለዚህ የተመቸ ነው። ቦሌ መንገድ ላይ ከሰዓት በኋላ ቆሞ ወጣቶቹን ያየ ሰው ይመሰክራል፤ የተጣበቀው ሱሪ ቀርቶ ሰፊው መጥቷል፣ የሸሚዙ ትከሻ ወርዷል፣ ከሥር ስኒከር ይደረጋል። ሸማ ደግሞ ተወጥሮ መለበስ አይችልም፤ ስፌቱ ላይ ይሳሳና ይተረተራል። ሰፋ ተደርጎ ሲሰፋ ግን አወራረዱ ያምራል፣ ነፋስም ያስገባል።

ጉዞውን የጀመርኩት ከሽሮ ሜዳ ነው። ከስድስት ኪሎ ሽቅብ፣ የአሜሪካ ኤምባሲን አልፎ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው መንገድ ግራና ቀኝ ሱቆቹ ተደርድረዋል። አቀባበሉ ሞቅ ያለ ነው፤ «እህቴ ግቢ፣ ማየት በነጻ ነው» የማይል የለም። ችግሩ የሚጀምረው የምትፈልጉትን ስትናገሩ ነው። ጥበብ የሌለው፣ ያልነጣ፣ በክንድ የሚለካ ጨርቅ ብቻ እፈልጋለሁ ስል ብዙዎቹ ነጠላ አወጡልኝ፤ ቀጥለው ቀሚስ ዘረጉልኝ፤ ሦስተኛው ላይ ሊሸኙኝ ፈለጉ። ሱቆቹ የሚኖሩት በበዓልና በሠርግ ስለሆነ አልፈርድባቸውም። ሆኖም ለዘወትር የሚለብስ ደንበኛ ዓመቱን ሙሉ የሚመለስ ደንበኛ ነውና ይህን ገበያ ችላ ማለታቸው ያስቆጨኛል።

በመጨረሻ የምፈልገው የገባው አንድ ወጣት ነጋዴ ነው። ሁለት ጥቅል ጨርቅ አወረደና ልዩነቱን በእጄ አስነካኝ። አንደኛው ድሩ፣ ማለትም በቁመት የሚወጠረው፣ የፋብሪካ ክር፤ ማጉ፣ ማለትም አግድም የሚገባው፣ በእንዝርት የተፈተለ የእጅ ፈትል ነው፤ ዳበስ ሲያደርጉት ወፍራምና ቀጭን ክር እየተፈራረቀ ጣት ላይ ይሰማል። ሁለተኛው መነን ነው፤ ድሩም ማጉም የፋብሪካ ክር ሆኖ በእጅ የተሸመነ፣ ልስልስና ወጥ። ለሱሪና ለጃኬት ፈትሉን፣ ለሸሚዝ መነኑን ምረጪ አለኝ። ከለበስኳቸው በኋላ ሳስበው ምክሩ ልክ ነበር።

ከዚያ ሳልጠይቀው ክብሪት አወጣ። ከመነኑ ጠርዝ አንድ ክር ስቦ ለኮሰው። ቶሎ ነደደ፣ የተቃጠለ ወረቀት ሸተተ፣ በጣቱ ሲያሸው ግራጫ አመድ ሆኖ በነነ። ቀጥሎ መደርደሪያው ላይ ከነበረ የሚያብረቀርቅ፣ ጥበቡ በማሽን ከታተመበት ጨርቅ ክር መዘዘ። ይህኛው አልነደደም፤ ተኮማትሮ ቀለጠ፣ ሲቀዘቅዝም ጥቁር ጠንካራ እንክብል ሆነ። «ይህ ከውጭ የሚመጣው ነው። ርካሽ ስለሆነ ሰው ይጠይቀኛል፣ እሸጣለሁም፤ ጥጥ ነው ብዬ ግን አልሸጥም» አለ። እንዲህ በግልጽ የሚነግር ነጋዴ ያገኘ ሰው ዋጋ ላይ ብዙ ባይከራከር ደስ ይለኛል። ከውጭ የመጣ ጥበብ መሰል ጨርቅ በሸማ ስም መሸጡ ሸማኔውን ከሥራ የሚያስወጣ ነገር ነውና፣ ክር መዝዞ ማቃጠል የማይፈቅድ ሱቅ ካጋጠማችሁ ውጡ።

ጨርቁ የሚሸመንበትን ቦታ ማየት እፈልጋለሁ ብዬ ጠየቅኩት። ከዋናው መንገድ ጀርባ በቀጭን መተላለፊያ ወሰደኝ። ሸማኔው ከጋሞ ደጋ፣ ከጨንቻ አካባቢ የመጣ ጎልማሳ ነው። የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች አብዛኞቹ ከዚያው ናቸው። መሬት ላይ ተቀምጦ እግሮቹን ጉድጓድ ውስጥ አስገብቷል፤ መርገጫውን ሲረግጥ ድሩ ይከፈታል፣ መወርወሪያው ከግራ እጅ ወደ ቀኝ ይሾልካል፣ ከዚያ ማጉን ሁለቴ መታ ያደርገዋል። ጥበብ የሌለው ጨርቅ ለእሱ ቶሎ የሚያልቅ ሥራ ነው፤ «ዝም ብሎ የሚሄድ» አለው። ወርዱ ጠባብ ስለሆነ ለሰፊ ሱሪ ስንት ክንድ እንደሚያስፈልግ አብረን አሰላን። የሄድኩት ግን ለዚህ ብቻ አልነበረም። ከጋሞ በ«ትምህርት ቤት እናስገባችኋለን» ተስፋ እየተወሰዱ ሸማ ላይ የተቀመጡ ሕፃናት ታሪክ አዲስ አይደለም፤ ለዓመታት ሲነገርና ሲጻፍ የኖረ ነው። ልብሴን ማን እንደሠራው ማወቅ የምችለው ሄጄ ሳይ ብቻ ነው። እዚያ ያየኋቸው ሁሉም አዋቂዎች ነበሩ፤ ቀብዱንም ለራሱ ለሸማኔው በእጁ ሰጠሁ። ነጋዴው አልከፋውም፤ ይህም አገልግሎቱን ይበልጥ እንዳከብረው አደረገኝ።

አሁን ወደ ልብስ ሰፊው ልምጣ፤ ከሁሉም የረካሁበት እሳቸው ጋ ነው። እናቴ ሰፈር፣ ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ በቆርቆሮ ቤት የሚሠሩ አዛውንት ናቸው። በእግር የሚረገጥ ጥንታዊ ሲንጀር አላቸው፤ መብራት ሲጠፋ ሥራቸው አይቆምም። ጨርቁን ስዘረጋላቸው መቀሱን አላነሱም። «ይህ ውኃ አይቶ ያውቃል?» አሉኝ። አያውቅም አልኩ። «እንግዲያው ዛሬ አይቆረጥም። በቀዝቃዛ ውኃ ዘፍዝፈሽ አሳድሪው፣ ጥላ ላይ አድርቂው፣ ከዚያ አምጪልኝ» አሉ። የእጅ ሸማ በመጀመሪያ እጥበቱ ይሰበሰባል፤ ሳይነከር የተሰፋ ሱሪ ከወር በኋላ ቁርጭምጭሚት ላይ ይቀራል። ከዚያ በፊት የሠሩልኝ ልብስ ሰፊዎች ይህን ጠይቀውኝ አያውቁም።

ልኬቱን ሲወስዱ የአሜሪካ ሱቅ የማያውቀውን ነገር ጠየቁኝ። ተቀምጠሽ ነው የምትሠሪው ወይስ ቆመሽ? ስልክሽን የምትከቺው በየትኛው በኩል ነው? ከውስጥ ሹራብ ትለብሻለሽ? ለመቀመጫው አንድ ጣት ጨመሩ፣ የቀኙን ኪስ አጠለቁ፣ የጃኬቱን እጅ ሹራብ እንዲያስገባ አሰፉ። ሸማ ጠርዙ ቶሎ ስለሚፍታታ ስፌቱን ሁሉ አጥፈው ደግመው ረገጡት፤ ልብሱ ቢገለበጥ የተተወ ጥሬ ጠርዝ አይታይም። ጎንና ጎኑ ላይ ደግሞ ሁለት ጣት የሚሆን ትርፍ ጨርቅ ወደ ውስጥ አስቀሩ። «ልጄ፣ ሰው ይወፍራል፣ ይከሳል። ልብሱ አብሮሽ ይሂድ እንጂ» አሉኝ። ዘላቂ ልብስ ስለሚባለው ነገር ብዙ አንብቤያለሁ፤ ከዚህ ሁለት ጣት ትርፍ የበለጠ የሚጠቅም ነገር አላነበብኩም። የጠየቁኝ የሸሚዝ ስፌት ዋጋ አሜሪካ አንድ ሱሪ ለማሳጠር ከምከፍለው ያነሰ ነው። ጨምሬ ከፈልኩ፣ እሳቸውም ከብዙ እንቢታ በኋላ ተቀበሉ።

የማማርርበት ቢኖር ላውንደሪው ነው። ስሙን አልጠራም፤ ሆቴሎች ልብስ የሚያሳጥቡበት፣ ደንበኛ መኪናውን አቁሞ የሚያስረክብበት ድርጅት ነው። ከሸሚዞቹ አንዱን ከሌላ ልብስ ጋር ሰጠሁ፤ ጥጥ ነው፣ በቀዝቃዛ ይታጠብ ብዬ ደረሰኙ ላይ አስጻፍኩ። ሲመለስ ያልነጣው ለስላሳ ቀለም ጠፍቶ ወረቀት ነጭ ሆኗል፤ በረኪና ነክቶታል፣ በሙቀትም ደርቋል። ኃላፊዋ «አሳምረንልሽ ነው» አለችኝ። ደረሰኙን ሳሳያት የእጥበቱን ዋጋ መለሰችልኝ፤ ለሸሚዙ ግን ምንም። የሸማ ልብስ ያላችሁ ሰዎች ቤት ውስጥ በእጅ ታጠቡ፣ ወይም ለምታውቋት አጣቢ ስጡ። እናቴ ቤት የምትመጣው ሴት በሳሙና ብቻ አጥባ፣ ሳትጠመዝዝ ጨምቃ፣ ጥላ ላይ አስጥታ የመለሰችልኝ ሱሪ እንደ ወጣ ነው።

ማሠራት ጊዜ የማይፈቅድለት ሰው የተዘጋጀ የሚያገኝበት ቦታም አለ። በ2004 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የተመሠረተው ሳባሃር የተባለ ድርጅት ጥጡንና ሐሩን በእጅ ያስፈትላል፣ በእጅ ያሸምናል፤ ሐሩ የጉሎ ቅጠል ከሚበላ ትል የሚገኝ ነው። ሱቁ ጸጥ ያለ ነው፣ የሚነዘንዝ የለም፣ ዋጋው ተጽፎ ተለጥፏል። ሻርፕና ፎጣ እዚያ ገዛሁ። ዋጋው ከሽሮ ሜዳ ይበልጣል፣ ሥራው ግን ይመሰክርለታል። ማህሌት አፈወርቅ «ማፊ»፣ ፍቅርተ አዲስ ደግሞ «የፍቅር ዲዛይን» በሚሉ የልብስ ስሞቻቸው ሸማን ከሠርግ አዳራሽ አውጥተው ለዘወትር እንዲለበስ ያደረጉ ንድፍ አውጪዎች ናቸው፤ ልብስ ሰፊዬ ጋ ይዤ የሄድኩት የጃኬት ሐሳብ የእነሱን ዓይነት ሥራ ከማየት የመጣ ነው።

ጫማ ላይ አላረዝምም። ቤተልሔም ጥላሁን ዘነበወርቅ ሰፈር የጀመረችው የጫማ ድርጅት ሶል ሬብልስ የታወቀው በመኪና ጎማ ሶል ነው፤ መነሻው አባቶቻችን ያደረጉት በረባሶ ነው። ከሸማ ሱሪ ጋር እንዲህ ያለ ጫማ ከስኒከር የበለጠ ይሄዳል። የድሮ የቆዳ ጫማዬን ደግሞ ሰፈር ያለ ጫማ ሰፊ ሶሉን ቀይሮ፣ ተረከዙን በእጅ ሰፍቶ ሰጠኝ። አሜሪካ ቢሆን ጣይው ይሉኝ ነበር።

ከአሜሪካ ለዘመድ ይዤው የመጣሁት ያገለገለ ልብስም ሥራ አግኝቷል። ያልተፈለገውን እናቴ ለልዋጭ ሰጠችው፤ በር ላይ «ልዋጭ!» እያለ የሚዞረው ልጅ በምትኩ የፕላስቲክ ሳህንና ጆግ ሰጣት። ያገለገለ ልብስ ለንግድ ከውጭ ማስገባት በአገሪቱ ክልክል ነው፤ ስለዚህ እዚሁ ያለው ልብስ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ እስኪያልቅ ይለበሳል። ሻንጣ ሙሉ ፖሊስተር ከመጫን ጥቂት ጥሩ የጥጥ ልብስ ማምጣት ለተቀባዩም ይሻላል፤ አዲስ አበባ ፀሐይ ውስጥ ፖሊስተር የሚለብስ ሰው ያሳዝነኛል።

ለማሠራት የምታስቡ፣ እንደ ደረሳችሁ ጨርቁን እዘዙ። ሽመናው፣ መዘፍዘፉ፣ ስፌቱ፣ ልኬት ማስተካከሉ ሁሉ ጊዜ ይበላል። ከእንቁጣጣሽ፣ ከጥምቀትና ከፋሲካ በፊት ባሉት ሳምንታት ሸማኔም ልብስ ሰፊም ሥራ ይበዛበታልና በእነዚያ ሰሞን የዘወትር ልብስ ይዛችሁ አትሂዱ። ብሩ ከሐምሌ 2016 ጀምሮ በገበያ ስለሚወሰን የዓምናን ዋጋ ይዞ መከራከር አይጠቅምም፤ ዶላሩን በባንክ መንዝሩ። ሱቆቹ ቴሌብር ይቀበላሉ፣ ሸማኔውና ልብስ ሰፊው ግን ጥሬ ገንዘብ ይመርጣሉ። ልኬታችሁንም በወረቀት ጽፈው እንዲሰጧችሁ ጠይቁ። የእኔ ልኬት በልብስ ሰፊው ደብተር ላይ ስለተመዘገበ፣ ለክረምቱ የሚሆነኝን ሁለተኛ ጃኬት እህቴ ጨርቁን ወስዳ አሰፍታልኛለች፤ ከአንድ ዘመድ ጋር ደርሶኛል፣ ልኩም አልተዛነፈም።