«ላላ» ታይፕ ያስደረግኩበት ፎቶኮፒ ቤት

ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ያለ ፎቶኮፒ ቤት ነው። ስሙን አልጠራም፣ የልጆቹ እንጀራ ነው። ለንባብ ቡድናችን በእጄ የጻፍኩትን 12 ገጽ ታይፕ አስደርጌ አስጠረዝኩ።

ሥራቸው ፈጣን ነው። መብራት ሲጠፋ በጄነሬተር ጨረሱልኝ፤ በዚያ የጅማ ዝናብ በባጃጅ ሌላ ቤት ፍለጋ ከመዞር ተረፍኩ። ጥረዛውም ቆንጆ።

አሁን ወደ ጉዱ። ጽሑፉ ሴት የሚያፈቅሩ ቻይናውያት ማንነታቸውን እንዴት ቀስ በቀስ እንደሚቀበሉና ነገሩ ጤናቸውን እንዴት እንደሚነካ የሚያወራ ነው። ራሳቸውን «ላላ» ይላሉ፤ ከታይዋን የመጣ ቃል ነው። ታይፒስቷ ስህተት መስሏት «ላላዎች» ያልኩትን በሙሉ «ሌሎች» አድርጋዋለች! «ብዙ ሌሎች ለወላጅ ሲሉ ወንድ ያገባሉ» ይላል። ስጠይቃት፣ «እትዬ፣ የሚላላው ገመድ ነው እንጂ ሰው ይላላል እንዴ?»

ይሁን፣ በነጻ አስተካከለችው። ያልተዋጠልኝ ሌላ ነው። ፕሪንት የሚያደርገው ልጅ አንዱን ገጽ አንስቶ፣ ወረፋ የያዘው ሁሉ እየሰማ፣ ጮክ ብሎ አነበበው። ያውም የቤተሰቡን ገጽ። ገጹ እንዲህ ይላል፦ የቻይና ሕግ ተመሳሳይ ጾታ ማፍቀርን ይቀጣበት የነበረውን የ«ወሮበላነት» አንቀጽ በ1997 እ.ኤ.አ. ሰርዟል፤ ሐኪሞቹም በ2001 እ.ኤ.አ. ማንነቱ የሚያስጨንቀው ሰው ብቻ እንደ ሕመምተኛ የሚቆጠርበት ቀዳዳ ትተው ከአእምሮ ሕመም ዝርዝር አውጥተውታል። ግን ከ1980 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. በነበረው የአንድ ልጅ ሕግ ጊዜ የተወለደች ልጅ ብዙ ጊዜ ለእናት አባቷ ብቸኛ ናት፣ እንዲህ ከሆነ የልጅ ልጅ የሚጠብቁት ከእሷ ብቻ ነው። ስለዚህ አንዳንዷ ወንድ ከሚያፈቅር ወንድ ጋር ለስም ያህል ትጋባና ለበዓል በሁለቱም ቤት ባልና ሚስት መስለው ይታያሉ።

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አንድ አባት «ልጄ፣ ይኼ ያንቺ ነው?» አሉኝ። «የንባብ ቡድን ነው አባባ፣ የቻይና ነገር ነው» ብዬ ሳልጠየቅ ማብራራት ጀመርኩ፣ ላብም አጠመቀኝ። ማን ሰማ፣ ማን አወቀ እያሉ መሳቀቅ እንቅልፍ ይነሳል ብዬ ስንት ገጽ ጽፌያለሁ፤ አምስት ደቂቃ እንኳ አልቻልኩትም።

የሰው ወረቀት አይነበብም ወገን! ውል ይሁን የሐኪም ማስረጃ፣ ባለቤቱ ነው የሚያነበው። ከሄዳችሁ ፕሪንተሩ አጠገብ ቁሙ።

ከአምስት ሦስት ኮከብ። ገጽ 9 ላይ አንድ «ሌሎች» ሳትታረም ቀርታለች። ተውኳት።