32 ሺህ ብር ከፍዬ ኢንሱሊን ተወጋሁ

የማቅጠኛ መርፌ የሸጠችልኝ ልጅ ዛሬ ጠዋት ዓይን ዓይኔን እያየች «ይሄ የኛ አይደለም» አለችኝ። ቅዳሜ በገዛ እጇ የሰጠችኝን መርፌ ነው እንዲህ ያለችው። ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው። ሲበርድ ዝም እንደምል ራሴን አውቀዋለሁ።

እንዲህ ያለውን የውበት ቤት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ቦሌ፣ ፎቅ ላይ፣ ነጭ ሶፋ፣ ትልቅ መስታወት። ቲክቶክ ላይ የሰው ሆድ «በፊት እና በኋላ» እያሉ ይለጥፋሉ። ዋጋ ስትጠይቋቸው «በውስጥ መስመር» ይሏችኋል። ድሮ የፊት ቆዳ ነበር የሚሠሩት። አሁን የማቅጠኛ መርፌ ጀምረዋል። «ኦዜምፒክ፣ ኦርጅናል፣ ከዱባይ የመጣ።»

ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ 11 ወር ሆነኝ። 94 ኪሎ ነኝ። የእህቴ ሰርግ ጥር ላይ ነው፣ ለሚዜዎቹ የተመረጠው ቀሚስ ደግሞ በእኔ ልክ አይሠራም ተብያለሁ። ገና ከበሩ ስገባ ልጅቷ ይህን ሁሉ ፊቴ ላይ ያነበበችው ይመስለኛል። «የኔ ቆንጆ፣ በወር 15 ኪሎ ትጥያለሽ» አለችኝ። ነጭ ጋውን ለብሳለች። ነርስ ትሁን እንግዳ ተቀባይ አልጠየቅኳትም።

እሷም ምንም አልጠየቀችኝም። ግፊቴን አልለካችም። ሚዛን ላይ እንኳን አላወጣችኝም። ጡት እያጠባሁ ነው፣ ይህን የጠየቀኝ የለም። «ሐኪም አያየኝም?» ስላት «ለዚህ ዶክተር አያስፈልግሽም፣ በጣም ቀላል ነገር ነው» አለች። ክፍያው 32 ሺህ ብር ነው፣ የሚገባውም በአንድ ግለሰብ የባንክ ሒሳብ ነው። ስልኬ ላይ ምክንያት ጻፊ የሚለው ጋ ስደርስ «ስጦታ በይው» አለችኝ። ስጦታ ብዬ ጻፍኩ። ደረሰኝ ስጠይቃት «ስክሪን ሾቱ ይበቃል» አለች።

ከዚያ የጠረጴዛውን መሳቢያ ሳበችና ሰማያዊ ፔን፣ እስክሪብቶ የሚመስል መርፌ፣ አወጣች። ከመሳቢያ ነው ያወጣችው። እናቴ የስኳር ሕመምተኛ ናት። ኢንሱሊኗ 14 ዓመት ሙሉ በፍሪጃችን በር ላይ ተቀምጧል። መብራት ሲጠፋ በረዶ ፍለጋ ጎረቤት የምላከው እኔ ነበርኩ። እንዲህ ዓይነት መድኃኒት ሳይከፈት ቀዝቃዛ ቦታ እንደሚቀመጥ ከማንም በላይ አውቃለሁ። መሳቢያውን አየሁ፣ ዝም አልኩ። ከ32 ሺህ ብሩ በላይ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

«ማታ ሆድሽ ላይ ትወጊዋለሽ። እስከ 25 አዙሪው። 0.25 ማለት ነው» አለችኝ።

ማታ 3 ሰዓት ላይ ተወጋሁ። ልጆቹን አስተኝቼ ጋደም አልኩ። አራት ሰዓት ተኩል ሲሆን ላብ አጠመቀኝ። ልቤ ይመታል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል። ደግሞም ራበኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ርቦኝ አያውቅም። የምግብ ፍላጎት ይዘጋል የተባለ መርፌ ተወግቼ ግድግዳ እየደገፍኩ ወደ ኩሽና ሄድኩ። እናቴ ልጆቹን ልታግዘኝ እኔ ጋ ነበረች። ገና ስታየኝ «ልጄ፣ ስኳርሽ ወርዷል» አለች። የራሷን መለኪያ አምጥታ ጣቴን ወጋችኝ። 41 አለ። ውሃ ውስጥ ስኳር በጥብጣ አጠጣችኝ። እኔ ይሄን ሁሉ የማስታውሰው በከፊል ነው። እሷ ባትኖር ተኝቼ እቀር ነበር።

ድንገተኛ ክፍል 40 ፐርሰንት ግሉኮስ በደም ሥሬ ሰጡኝ፣ ከዚያም እስኪነጋ ግሉኮስ ተሰቀለልኝ። ተረኛዋ ሐኪም ወጣት ናት። ፔኑን ተቀብላ ቁልፉን ስታዞረው ከነቁጥሩ ወደ ውጭ ወጣ። «የእውነተኛው ኦዜምፒክ ፔን እንዲህ አይወጣም፣ መስኮቱ ላይም 25 የሚል ቁጥር የለውም» አለች። ከዚያ ፔኑ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ጫፍ በጥፍሯ ጫር አደረገችው። ተላጠ። ሥር ሌላ ወረቀት አለ። ኢንሱሊን ይላል።

25 ዩኒት ኢንሱሊን፣ የስኳር ሕመም የሌለባት ሴት፣ እራት በቅጡ ሳትበላ።

ሐኪሟ አልተቆጣችኝም። አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ በቀስታ ነው ያስረዳችኝ። እውነተኛው መድኃኒት ሴማግሉታይድ ይባላል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2017 ለዓይነት 2 ስኳር ተፈቀደ፣ በ2021 ደግሞ በከፍተኛ መጠን ዌጎቪ ተብሎ ለክብደት። በሳምንት አንድ ጊዜ ይወሰዳል። በ0.25 ሚሊ ግራም ተጀምሮ ለአራት ሳምንት እዚያው ይቆያል፣ ከዚያ ቀስ እየተባለ ከፍ ይላል። ሐኪም አስቀድሞ የታይሮይድ ካንሰር በቤተሰብ መኖሩን፣ የቆሽት ሕመምን፣ እርግዝናን ይጠይቃል። በትልቁ ጥናት ሰዎቹ በአማካይ 15 በመቶ ገደማ የቀነሱት በ68 ሳምንት ነው፣ ያውም ከአመጋገብና ከእንቅስቃሴ ጋር። 68 ሳምንት! ለእኔ የተሸጠልኝ አንድ ወር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2023 ኦስትሪያ ውስጥ ልክ እንደ እኔ ሐሰተኛ ኦዜምፒክ ተወግተው ስኳራቸው ወርዶ ሆስፒታል የገቡ ሰዎች ነበሩ። እዚያም የተጠረጠረው ኢንሱሊን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በሰኔ 2024 ስለ ሐሰተኛው ኦዜምፒክ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ይሄን ሁሉ ያነበብኩት እሑድ ከሆስፒታል ወጥቼ ነው። ዓርብ ባነበው ኖሮ።

ዛሬ ጠዋት ሄድኩ። ልጅቷ እዚያው ናት፣ ያንኑ ጋውን ለብሳለች። ሁለት ሴቶች ሶፋው ላይ ተቀምጠው ተራ ይጠብቃሉ። ፔኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና የሆነውን ነገርኳት። ድምፄን ከፍ አላደረግኩም። እሷ ፔኑን አላየችውም። እኔን ነው ያየችኝ፣ ከእግሬ እስከ ራሴ፣ ሆዴ ላይ ትንሽ ቆየች። «ሳትበዪ ወግተሽው ይሆናል። አንዳንዶች ቶሎ ለመክሳት እንደዚያ ያደርጋሉ» አለች። ሶፋው ላይ ያሉት ሴቶች እንዲሰሙ አድርጋ ነው ያለችው። ፊቴ ነደደ።

የተላጠውን ወረቀት አሳየኋት። ያኔ ነው «ይሄ የኛ አይደለም» ያለችው። የከፈልኩበትን ስክሪን ሾት አወጣሁ። አነበበችውና «ስጦታ ነው እኮ የሚለው» አለችኝ። በገዛ ጣቴ የጻፍኩትን መለሰችልኝ። የምለው ጠፋኝ።

ከዚያ እጇን ዘረጋችና ፔኑን ያዘች። «ተይው፣ እኛ እናጣራዋለን» እያለች መሳቢያውን በሌላኛው እጇ ከፈተች። ያንኑ መሳቢያ። የነሱ ካልሆነ ምን ሊያደርጉበት ነው? ከእጇ መነጨቅኩት። ጥበቃውን ጠራችው። እኔ ግን ከመውጣቴ በፊት ለሁለቱ ሴቶች 41 የሚለውን የእናቴን መለኪያ ፎቶ አሳየኋቸው። አንደኛዋ ቦርሳዋን አንስታ ተከትላኝ ወጣች። ሌላኛዋ ቀረች። እስካሁን ስለ እሷ እያሰብኩ ነው።

መርፌውን ሐኪም ያዘዘላችሁ እህቶች አላችሁ፣ እናንተን አይመለከትም። ያለ ሐኪም ማዘዣ፣ ያለ ደረሰኝ፣ ከመሳቢያ የሚወጣ ፔን ግን አትንኩ። ወስዳችሁት ከሆነ፣ ካላባችሁና ካንቀጠቀጣችሁ ነገ ይሻለኛል ብላችሁ አትተኙ። ስኳር ያለው ነገር ጠጡና ፔኑን ይዛችሁ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

የእኔ ፔን በላስቲክ ተጠቅልሎ ፍሪጅ በር ላይ ከእናቴ ኢንሱሊን ራቅ ብሎ ተቀምጧል። ነገ ጠዋት ወደ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ይዤው እሄዳለሁ። ከዚያው ቦታ የገዛችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ፣ አብረን እንሂድ።