ግሉተን የማይስማማው ልጅ በክረምት ካምፕ፦ የአንድ ወጥ ቤት ግምገማ

በባሕር ዳር፣ በጣና ዳርቻ ከሚዘጋጁት አዳሪ የክረምት ካምፖች ወደ አንዱ ሴሊያክ ያለበትን ልጄን ልኬ ነበር። እዚህ የምጽፈው ስለ ጨዋታው ወይም ስለ ማደሪያው ሳይሆን፣ ተመሳሳይ ችግር ያለበት ልጅ ያላቸው ወላጆች ሊያውቁት ስለሚገባው ስለ ምግቡ ነው።

ሴሊያክ ያለበት ልጅ በስንዴና በገብስ ውስጥ የሚገኘውን ግሉተን ሲመገብ የገዛ ሰውነቱ የመከላከያ ሥርዓት ትንሹን አንጀት ይጎዳዋል፤ መፍትሔውም ዕድሜ ልክ ከግሉተን መራቅ ነው። ጎጃም ጤፍ አብቃይ ስለሆነ፣ ጤፍም ግሉተን ስለሌለው፣ «እንጀራ እየበላ ምን ይሆናል?» የሚል ዘመድ አይጠፋም። ይሁን እንጂ ንጹሑ ጤፍ ስንዴና ገብስ በተፈጨበት ድንጋይ ላይ ሲያልፍ፣ ወይም ገብስ ከተቀላቀለበት ሊጥ በተረፈ እርሾ ሲቦካ፣ ንጽሕናው እዚያው ያበቃል። በኮዴክስ አሊሜንታሪየስ የምግብ ደረጃ «ከግሉተን ነጻ» የሚባለው በኪሎ ግራም ከ20 ሚሊ ግራም ያልበለጠ ግሉተን ያለው ምግብ ስለሆነ፣ ወፍጮ ላይ የቀረ አንድ እፍኝ የስንዴ ዱቄት የሚናቅ አይደለም።

የካምፑ ወጥ ቤት ኃላፊ ይህን ለማስረዳት አላደከሙኝም። የሐኪሙን ወረቀት አንብበው እንደጨረሱ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «እርሾውንስ ከቤት ያመጡልኛል?» የሚል ነበር። ለብቻው የተፈጨውን ጤፍና እርሾውን ካስረከብሁ በኋላ ክዳን ያለው ትንሽ ባልዲ መድበው፣ እጀታው ላይ ቀይ ክር አስረው፣ የእሱን እንጀራ ከሁሉ አስቀድመው በጸዳ ምጣድና በራሱ ማሰሻ ይጋግሩለት ነበር። የካምፑ ሽሮ የት እንደተፈጨ እንደማያውቁ በግልጽ ስለነገሩኝ ለፍልሰታ ጾም የሚሆነውን ከቤት ላክሁ፤ ይህን ግልጽነታቸውን ከብዙ ማረጋገጫ አብልጬ አየዋለሁ።

ቁርሱ ግን ደካማ ነበር። ለሌሎቹ ልጆች ቂንጬ፣ ጨጨብሳና ዳቦ ሲፈራረቅ ለእሱ የሚቀርበው አዘውትሮ ቅቅል ድንች ነበር፤ የጤፍ ጨጨብሳ ወይም የበቆሎ ገንፎ ማዘጋጀት የሚከብድ አይመስለኝም።

የባሰው ችግር የታየው ከግቢ ውጭ ነው። በሐምሌ በጀልባ ወደ ገዳማቱ የወሰዷቸው አስተባባሪዎች ስለ ልጁ የተነገራቸው ነገር ስላልነበረ፣ የገብስ ቆሎ እየዘገኑ ሲያድሉ ለእሱም ሰጥተውታል፤ ሳይበላ የቀረው ራሱ ስለሚያውቅና ኪሱ ውስጥ የሽምብራ ቆሎ ስለነበረው ነው። ለምሳ የቀረበው ዓሣም የስንዴ ዱቄት ተነስንሶበት የተጠበሰ ነበር። ገና ፊደል ያልቆጠረ ልጅ ቢሆን ኖሮ ማን ይከላከልለት ነበር?

ነሐሴ 13 ቀን የቡሄ ዕለት ወጥ ቤቱ ያደረገውን ግን ሳልጠቅስ አላልፍም። ሙልሙል የስንዴ ዳቦ ነው። ኃላፊዋ ከቤት የላክሁትን የጤፍና የበቆሎ ዱቄት ቀላቅለው ካቦኩ በኋላ፣ ግሉተን የሌለው ሊጥ ስለማይያያዝና በእጅ ስለማይድበለበል፣ በኮባ ጠቅልለው ጋገሩለት። ጫፉ ትንሽ አርሯል፣ መሐሉም እንደ ስንዴ ዳቦ አልተነፋም፤ ልጁ ግን ሆያ ሆዬ ጨፍሮ የድርሻውን ሙልሙል ተቀብሏል።

ለዚህ ሁሉ ካምፑ ተጨማሪ ክፍያ አልጠየቀም። ሆኖም አሠራሩ በአንዲት ሴት ጥንቃቄ ላይ የቆመ እንጂ በጽሑፍ የሰፈረ አይደለም። ስለዚህ በመጪው ክረምት ልጃችሁን የምታስመዘግቡ ወላጆች የሐኪሙን ማስረጃ አባዝታችሁ ለወጥ ቤቱ ብቻ ሳይሆን ለጉዞ አስተባባሪዎቹም ስጡ፤ ኃላፊዋ በሥራ ላይ መኖራቸውንም ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ።