«ዴመን ስሌየር ምዕራፍ 5 ሙሉ» ብለው ቢሸጡላችሁ አትግዙ

በደሴም በኮምቦልቻም ያላችሁ የአኒሜ (የጃፓን ካርቱን ፊልም) ወዳጆች፣ በተለይ ሰይፈኞች ከአጋንንት ጋር የሚፋለሙበትን «ዴመን ስሌየር»ን የምትከታተሉ፣ ፍላሻችሁን ይዛችሁ ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት ይህን አንብቡ። «ምዕራፍ 5፣ ሙሉ 12 ክፍል» እየተባለ የሚሸጠው ምዕራፍ አምስት አይደለም። 400 ብር ከፍዬ አስጭኜዋለሁ፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ክፍልም ተቀምጬ አይቼዋለሁ። የምጽፈው በወሬ የሰማሁትን አይደለም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከገበያ ወደ ፒያሳ ስመለስ፣ ፊልም የሚጭን አንድ ሱቅ በር ላይ የዋናው ገጸ ባሕርይ የታንጂሮ ምስል ያለበት ወረቀት ተለጥፎ አየሁ። ከሥሩ በቀይ «አዲስ! ምዕራፍ 5» ይላል። ማንበቤን ሳልጨርስ ገባሁ። ይህን ታሪክ ከተጀመረበት ከ2019 እ.ኤ.አ. አንስቼ ስከታተል የኖርኩ ሰው ነኝ። ታንጂሮ ሩዪ ከሚባለው ጋኔን ጋር ሲፋለም የአባቱ ጭፈራ ትዝ የሚለውን 19ኛውን ክፍል ስንት ጊዜ እንዳየሁት ቆጥሬ አላውቅም። መብራት በጠፋበት ሌሊት የስልኬ ባትሪ እስኪያልቅ ደጋግሜ ያየሁት እሱን ነው።

ባለሱቁን «ቀጣዩ በፊልም እንጂ በምዕራፍ እንደሚወጣ አልሰማሁም፤ ይህ ከየት መጣ?» አልኩት። «ወንድሜ፣ ፊልሙን ራሳቸው ከፋፍለው በቴሌቪዥን አሳይተውታል፤ ልክ እንደ ባቡሩ» አለኝ።

ያሳመነኝ ይህ መልስ ነው፤ ግማሹ እውነት ነበርና። በ2020 ሲኒማ ቤት የገባው የባቡሩ ፊልም በቀጣዩ ዓመት በሰባት ክፍሎች ተከፍሎ በቴሌቪዥን ተላልፏል። የመጀመሪያው ክፍል እንዲያውም ስለ ሰይፈኛው ሬንጎኩ አዲስ የተሠራ ነበር። ያንን ያደረገው ግን ሥራውን የሠራው ዩፎቴብል ስቱዲዮ ራሱ ነው። በእኔ ፍላሽ ላይ የተጫነውን የቆረጠው ሌላ እጅ ነው።

ማታ ቤት ገብቼ ከፈትኩት። የአራተኛው ምዕራፍ መክፈቻ ዘፈን መጣ። ቀጥሎ የአራተኛው ምዕራፍ የመጨረሻ ክፍል ቁራጭ አራት ደቂቃ ያህል ታየ። ከዚያ በኋላ ምስሉ ወደ አንድ ጎን አዘመመ። ሲኒማ ቤት ውስጥ ከመቀመጫ ላይ በካሜራ የተቀረጸ ነው። ሰው ሲያስል ይሰማል። ሦስተኛው ክፍል ላይ የአንድ ተመልካች ጭንቅላት ከማያው ግርጌ ተነሥቶ ያልፋል። ወለሉ ጣሪያ፣ ጣሪያው ግድግዳ የሚሆንበት ያ ማለቂያ የሌለው የአጋንንቱ ምሽግ (ኢንፊኒቲ ካስል)፣ ሰዎች ስንት ዓመት የደከሙበት ሥዕል፣ አመድ የተነፋበት መስሎ ነው የሚታየው። የትርጉም ጽሑፉ ደግሞ በማላውቀው ቋንቋ ነው።

ሒሳቡን ሳሰላው ነገሩ ግልጽ ሆነ። በጁላይ 2025 ጃፓን ውስጥ የወጣው የኢንፊኒቲ ካስል የመጀመሪያ ፊልም 155 ደቂቃ ነው። ለ12 ሲካፈል ለእያንዳንዱ «ክፍል» 13 ደቂቃ ገደማ ይደርሰዋል። በዚያ ላይ መክፈቻ ዘፈን፣ መዝጊያ ዘፈንና «ባለፈው ክፍል» እየተባለ የሚደገመው ተጨምሮበት ወደ 20 ደቂቃ እንዲጠጋ ተደርጓል። የቆረጠው ሰው ታሪኩን አይቶት እንኳ የሚያውቅ አይመስለኝም። ሰይፈኛዋ ሺኖቡ ከጋኔኑ ዶማ ጋር ስትፋለም ሰይፏ ገና አየር ላይ እያለ መዝጊያው ዘፈን ይገባባታል። የሌላው ጋኔን የአካዛ ያለፈ ሕይወት የሚተረክበት፣ ሰው ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ሊያየው የሚገባው ቦታ፣ እኩል ለሁለት ተሰንጥቋል። ከገንዘቡ ይልቅ ያንገበገበኝ ይህ ነው። ያንን ትዕይንት ለመጀመሪያ ጊዜ የማየት ዕድል አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያለው፤ የእኔ በዚህ መልክ አለፈ።

ሰኞ ተመልሼ ሄድኩ። «የተጫነ አይመለስም» ተባልኩ። እዚያው ቆሜ ሳለሁ ከኮምቦልቻ በሚኒባስ ሐረጎን ወጥተው የመጡ ሁለት ተማሪዎች ገቡ። እነሱም ይህንኑ ገዝተው ነበር። ብሩን ከአራት ጓደኞቻቸው ጋር አዋጥተው ነው የከፈሉት፤ ለመመለስም የትራንስፖርት ሒሳብ እንደገና ከኪሳቸው ወጥቷል። የተሰጣቸው መልስ ከእኔ የተለየ አልነበረም።

እንዲህ በቀላሉ የምንታለለው ስለተራብን ይመስለኛል። በ2024 የወጣው አራተኛው ምዕራፍ፣ የሃሺራዎቹ (የዋናዎቹ ሰይፈኞች) ሥልጠና፣ ስምንት ክፍል ብቻ ነበር። በ23 ቅጽ ካለቀው ማንጋ (ታሪኩ መጀመሪያ የወጣበት የሥዕል መጽሐፍ) ውስጥ የሚይዘው ከአንድ ቅጽ ብዙም የማይበልጥ ነገር ነው። ስለዚህ ተለጠጠ። ታንጂሮ ከአንዱ ሃሺራ ወደ ሌላው ይሄዳል፣ ይሠለጥናል፣ ይበላል፣ እንደገና ይሠለጥናል። ድንጋዩን ሲገፋ የምናይበት ክፍል መልካም ቢሆንም ሳምንት ሙሉ ተጠብቆ የሚያጠግብ አይደለም። የሰባተኛው ክፍል መጨረሻ፣ የአጋንንቱ አለቃ ሙዛን ዝግ ባለ እርምጃ ወደ ሰይፈኞቹ መሪ ግቢ የሚገባበት፣ እና ስምንተኛው ክፍል ግን እስከ ዛሬ ከተሠሩት ሁሉ ተርታ የሚሰለፉ ናቸው። ታንጂሮና ሃሺራዎቹ ወደ ምሽጉ ቁልቁል ሲወድቁ አበቃ። ቀጣዩ በሦስት ፊልሞች እንደሚሆን ተነገረ። ሲኒማ ቤት ሄደን ልናየው ለማንችል ለእኛ ያ ማለት በሩ ፊታችን ላይ ተዘጋ ማለት ነበር። በዚያ በር በኩል ነው አሁን ይህን የሚሸጡልን።

ያው ሱቅ አራተኛውን ምዕራፍም 26 ክፍል ካለው ከመጀመሪያው ጋር እኩል ዋጋ ይጠራበታል። በእኔ አስተያየት ከሩብ ዋጋው በላይ አያወጣም።

ቁጥሩን በቃላችሁ ያዙት፦ የመጀመሪያው ምዕራፍ 26፣ ባቡሩ 7፣ የመዝናኛው ሰፈር 11 (ሁለቱ አብረው እንደ ሁለተኛ ምዕራፍ ይቆጠራሉ)፣ የሰይፍ አንጣሪዎቹ መንደር 11፣ የሃሺራዎቹ ሥልጠና 8። ከ2019 እስከ 2024 በቴሌቪዥን የተላለፈው በድምሩ 63 ክፍል ነው። ከዚህ በላይ አለ የሚላችሁ ሰው ካለ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ኮምፒውተሩ ላይ ከፍቶ ያሳያችሁ። የመጀመሪያውን ክፍል አይደለም፤ እሱን አሳምረው ያስቀምጡታል። አምስተኛውን ወይም ስምንተኛውን አስከፍቱና ወደ መካከሉ ግቡ፤ ድምፁንም ከፍ አስደርጉ። ሳል፣ ሳቅ፣ የወንበር ድምፅ ከሰማችሁ ፍላሻችሁን ነቅላችሁ ውጡ። ርዝመቱንም ተመልከቱ፤ ከረዘሙት ጥቂት ክፍሎች በቀር ትክክለኛው ክፍል 24 ደቂቃ ገደማ ነው። «አዲስ ፊልም» ለሚሉትም እንዲሁ ተጠንቀቁ። በ2023ም በ2024ም ያለፈው ምዕራፍ ማብቂያና የአዲሱ መጀመሪያ ክፍል ተያይዘው ሲኒማ ቤት ታይተዋል፤ ክፍሎቹን አስቀድማችሁ ካስጫናችሁ ሁለተኛ መክፈላችሁ ነው።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ነገር ዓይነትና ጥራት ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። እውነቱን ለመናገር ግን የገዛሁት የባለቤቱ ፈቃድ የሌለው ቅጂ ነው፤ ደረሰኝም የለኝም። ባለሱቁ ይህን ስለሚያውቅ ነው ሳይሸማቀቅ «አይመለስም» የሚለው። ሁለቱ ተማሪዎችም ደረሰኝ አልነበራቸውም።

ትናንት ማታ በዚያ ሳልፍ ወረቀቱ አልተነሣም። ዋጋው 450 ብር ሆኗል።